ሟች የማይሰረዝበት መዝገብ

የባለቤቴን መርዶ የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በወጉ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሣሩ ጥቂት ያወራሉ፣ ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ለእኔ ግን የመጣው ቁራ ብቻውን ነው። ግራሩ ላይ አረፈና፣

«እመት ዘርትሁን፣ መምህር ጫንያለው ከገደሉ ወድቆ ሞቷል። ዓይኑን አልነካሁትም» አለኝ።

ከቁራ አፍ ይህ ትልቅ አክብሮት ነው። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ገና እሪ ልል አፌን ስከፍት ጥንቸል እያለከለከች ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አመጣችልኝ። እንዲህ ይላል፦ «መምህር ጫንያለው በዚህ ዓመት አንድም ቀን ከሥራ ባለመቅረታቸው የዓመቱ ምስጉን መምህር ሆነው ተመርጠዋል። ዓርብ በሸንጎ ተገኝተው ሽልማታቸውን እንዲቀበሉ በአክብሮት እናሳስባለን።» የፈረመው የትምህርት ኃላፊያችን አያ ጅቦ ነው።

በአንድ ጠዋት ባሌ ሞተም፣ ተሸለመም። ለየትኛው መጮህ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ተቀምጬ ሣር አኘክሁ። እኛ አህዮች ሲጨንቀን እንደዚያ ነን።

ለማያውቅ አንባቢ ስለ አገራችን ትንሽ ልናገር። ጌታችን አንበሳ ከምንጩ በላይ ባለው ጥላ ይኖራል። እሱ ይናገራል፣ አያ ጅቦ የተናገረውን ይደግማል፣ ሌሎቻችን እንስማማለን። መስማማታችንን የምንገልጸው በማጨብጨብ ነው፤ ሰኮና ያለን መሬት እንድንደበድብ ተፈቅዶልናል። ከሜዳው መካከል፣ ከሾላው ሥር፣ ታችኛው ትምህርት ቤት አለ። ከገደሉ አናት ላይ ደግሞ ኮሌጅ የሚባለው ላይኛው ትምህርት ቤት አለ። ታችኛውን የጨረሰ ሁሉ ወደ ላይኛው ይገባል ተብሎ ተጽፏል። እስካሁን ገብተው የተመረቁት ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች ብቻ ናቸው። ጎበዞች ስለሆኑ ነው ይባላል። ጉብዝናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ወደዚያ የሚያወጣው መንገድ ቋጥኝ በእጅ እየጨበጡ የሚወጡት ነው።

ባለቤቴ በታችኛው ትምህርት ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማረ። ደወል ስላልነበረ ደወሉም እሱ ነበር። ጠዋት ሾላው ሥር ቆሞ ያናፋል፣ ልጆቹ ይሰበሰባሉ። ጉድለቱንም አልደብቅም፤ ሲርበው መጽሐፍ ይበላ ነበር። የጂኦግራፊውን መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል በልቶ የጨረሰው እሱ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ልጆች ከወንዙ ማዶ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አያውቁም።

መስከረም ላይ አርባ ሦስት ተማሪ ይመዘገባል። ጥር ሲገባ ዐሥራ አንድ ብቻ ይቆያል። ምክንያቱን የማያውቅ የለም፣ የሚናገረውም የለም። ጌታችን ጎፈሩን በቀን ሦስት ጊዜ መታጠብ ከጀመረ ወዲህ፣ ከምንጩ እስከ ጥላው ውኃ የሚያመላልሱት ግልገሎቹ ናቸው። የቤተ መንግሥት ውኃ ይባላል። ተራው የደረሰው ልጅ አንድ ሳምንት ይቀራል፤ ሲመለስ ትምህርቱ ጥሎት ሄዷል፤ ያፍርና ሁለተኛ አይመጣም፤ እዚያው ውኃ አመላላሽ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ቀን ጌታችን ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጥቶ ባዶውን መቀመጫ አየና አዘነ። «ልጆቹ የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ። ጎፈሩ ገና አልደረቀም ነበር። አያ ጅቦ «እናጠናዋለን» አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሰባት ወር ተቀመጠ፤ ሁለት የተማሪ ወላጆች አነጋገረ፣ አንዱን በላ፤ በመጨረሻም «ትምህርት የሚያቋርጡት በአብዛኛው ትምህርት ቤት የማይመጡት ሆነው ተገኝተዋል» የሚል ሪፖርት አቀረበ።

መፍትሔውን ያመጣው አያ ጅቦ ራሱ ነው። «ተማሪ አቋረጠ የምንለው መቼ ነው? ስሙ ከመዝገብ ሲሰረዝ ነው። እንግዲያው አይሰረዝ» አለ። መምህራን ሁሉ ቀይ እስክሪብቷቸውን እንዲያስረክቡ ታዘዙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአገራችን መዝገብ ላይ የተጻፈ ስም፣ የተማሪም ይሁን የመምህር፣ በየቀኑ «ተገኝቷል» ይባላል። በወሩ መጨረሻ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ አልነበረም። ጌታችን በጣም ተደስቶ «አሁን ደግሞ የኮሌጁ በር ለሁሉም ይከፈት» አለ። አያ ጅቦ ዝንጀሮዎቹን አዝዞ በሩን ከነማጠፊያው አስነቀለና አስወርዶ ሜዳው ላይ አቆመው። ሁላችንም በተራ በበሩ ገብተን ወጣን። መሬቱን ደበደብን። መንገዱ እንደነበረ ነው።

ጫንያለው ስብሰባ ላይ አይናገርም ነበር። ከትምህርት በኋላ ወደ ምንጩ ወርዶ የልጆቹን የውኃ ቅል ሁሉ በራሱ ጀርባ ይጭናል፤ እነሱ ባዶ አንገታቸውን ከጎኑ እየሄዱ ጮክ ብለው ያነቡለታል። ጥላው ጋ ሲደርሱ ቅሉን መልሰው ያንጠለጥላሉ። ዐሥራ አንዱ የቆዩት በዚህ ነው። ለሁሉም አልደረሰም፤ ጀርባው አንድ ነው። የቀሩትን ልጆች ስምና የቀሩበትን ምክንያት በግል ደብተሩ ላይ በከሰል ይጽፍ ነበር። «ለምን ትጽፋለህ?» ስለው «አንድ ቀን የሚጠይቅ ቢመጣ» ይለኛል። የሚጠይቅ አልመጣም።

በመርዶው ዋዜማ፣ ሰኞ ዕለት፣ የዐሥራ አንዱን ልጆች የኮሌጅ ማመልከቻ በአፉ ይዞ ወደ ገደሉ ወጣ። ሰኮና የሚችለው መንገድ ይቆፈርልን ሊል ነው።

«አንተ አህያ ነህ፣ ፍየል እንኳ አይደለህም» አልኩት።

«ልጆቹን ውጡ ከማለቴ በፊት እኔ ልየው» አለኝ።

አየው። ሲያገኙት ማመልከቻዎቹ አፉ ውስጥ ነበሩ፤ አንደኛው ግማሹ ተበልቷል። ከመውደቁ በፊት እንደበላው አልጠራጠርም። አስከሬኑ ሙሉውን የተገኘው የአያ ጅቦ መሥሪያ ቤት በዚያን ቀን ግምገማ ላይ ስለነበረ ነው።

ጎረቤቶች ጎትተው ከግራሩ ሥር አስተኙልኝ። ከአጠገቡ የማትለየው ደብሪቱ ነበረች። ደብሪቱ ፍየል ናት፤ በኅዳር ዘጠኝ ከትምህርት የቀረች ተማሪው። ቅሏን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ዙሪያውን በእሾህ አጠረችልኝ። እኔ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ አባ ኤሊ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ድንኳን ይተከልልኝ። ቆፋሪዎቹም ይላኩልኝ።»

«ለማን ነው ልጄ?»

«ለጫንያለው ነው እንጂ።»

አባ ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ፤ ሲያዝን እንደዚያ ነው። ቆይቶ ብቅ አለ።

«ሰምቻለሁ። አልቅሻለሁም። ግን እኔ ያለቀስኩት በግሌ ነው። እድሩ የሚያለቅሰው ወረቀት ሲመጣ ነው። ስሙ በመንግሥት መዝገብ ላይ ካለ፣ በእኛ ደንብ አልሞተም።»

ደንቡ የወጣው በቀበሮ ምክንያት ነው። ቀበሮ አንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ሞቶ፣ ሦስት ጊዜ በገዛ ለቅሶው ላይ ንፍሮ በላ። ከዚያ ወዲህ አባ ኤሊ ጽሕፈት ቤቱ በቃሉም ሆነ በጽሑፍ «ሟች» ያላለውን አይቀብርም።

«አባቴ፣ አስከሬኑ እዚያ ተጋድሟል። ዝንብ ወሮታል።»

«ዝንብ የእድሩ አባል አይደለም።»

የእድራችን ቆፋሪዎች ከርከሮዎች ናቸው። ያለ እነሱ ጥልቅ ጉድጓድ አይገኝም። በሰኮና የተጫረውን ጉድጓድ ደግሞ ማን መጥቶ እንደሚከፍተው፣ አህያ ሆኖ ለተወለደ መንገር አያስፈልግም።

ረቡዕ ጠዋት ከሾላው በኩል ማናፋት ሰማሁ። ሁለት ጊዜ፣ ረዘም ያለ፣ እንደሱ። እግሬ ቀድሞኝ ሄደ። ግራሩ ሥር ተኝቶ ትቼው እንደመጣሁ እያወቅሁ ሮጥኩ። ስደርስ አንድ ጎረምሳ ጅብ ሾላው ሥር ቆሞ ወረቀት እያየ ይለማመዳል። አፍሮ ሰላም አለኝ።

«እትዬ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይወርዳል ወይስ ይወጣል?»

«ማን አዘዘህ?»

«ጽሕፈት ቤቱ። መምህሩ እስካሉ ድረስ ደወሉም መኖር አለበት ብለውኛል።»

«ይወርዳል» አልኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም።

ሐሙስ አያ ጅቦ ራሱ ቤቴ መጣ። ከእሾህ አጥሩ ውጭ ቆሞ ወደ ግራሩ ተመለከተና ምራቁን ሁለት ጊዜ ዋጠ።

«እመት ዘርትሁን፣ እግዜር ያጥና...» ብሎ ጀመረና ተወው። «እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው። ባልሽ አገሩን አኩርቷል።»

«ባሌ ሞቷል፣ አያ ጅቦ።»

«እሱ በአንቺ በኩል ያለው መረጃ ነው። በእኛ በኩል ዛሬም ተገኝቷል።»

«ይሸታል እኮ።»

«አዎ» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚያ ኃላፊነቱ ትዝ ያለው መሰለኝ። «ስሚኝ፣ እኔ ክፉ አይደለሁም። ነገ ሸንጎው ላይ ቅረቢና ሽልማቱን በስሙ ተቀበይ። ማስተማር ላይ ስለሆነ አልተመቸውም እንላለን። ያንን በከሰል የሚሞነጫጭርበትን ደብተር አምጪልኝ። በወሩ መጨረሻ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት ተዛወረ ብዬ እጽፋለሁ፤ ያኔ እድርሽ የፈለገውን ይቅበር።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ አጥሩን ማን ይጠብቀዋል?»

«በእኔ ትእዛዝ ማንም አይነካውም። ደብተሩ ካለ።»

ደብሪቱ ከአጥሩ ውስጥ ሆና «እትዬ፣ አይስጡት» አለች። አያ ጅቦ ዞር ብሎ አያት። «አንቺ በዚህ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነሽ» አላት። «ሂሳብ እየተማርሽ ነው። መዝገቡን አይቻለሁ።»

እውነቱን ልጻፍ። ለመስጠት ቆርጬ ነበር። ደብተሩ ወረቀት ነው፤ ግራሩ ሥር ያለው ግን ባሌ ነው። ጫንያለው ራሱ ቢሆን ሲርበው ይበላው የነበረ ወረቀት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዓርብ ሸንጎው ሞላ። ጌታችን ከጥላው ወርዶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ያ ከገደሉ የወረደው በር አሁን የሸንጎው ጌጥ ሆኗል። አያ ጅቦ ንግግር አደረገ።

«ጌታችን ሆይ፣ ክቡራን ታዳሚዎች። ዛሬ በአገራችን ከትምህርት ገበታ የተለየ አንድም ልጅ የለም። አርባ ሦስቱም አሁን በዚህ ሰዓት ክፍል ውስጥ ናቸው።»

አርባ ሦስቱም ከምንጩ እስከ ጥላው ባለው ዳገት ላይ ተሰልፈው ቅል ተሸክመው ይታዩ ነበር። ዐሥራ አንዱም ቅል የሚያግዛቸው በማጣታቸው ከሰልፉ ገብተዋል። ሸንጎው በሙሉ ዳገቱን አየ። ከዚያ መሬቱን ደበደብን።

«ይህም የሆነው እንደ መምህር ጫንያለው ባሉ ታታሪዎች ነው። እሳቸው ሥራ ላይ ስለሆኑ ባለቤታቸው ተወክለዋል። እነሆ፣ አድምጡ፣ ደወላቸው ነው።»

ያ ጎረምሳ ከሾላው ሥር አናፋ። መጨረሻው ላይ እንደነገርኩት ድምፁን ዝቅ አደረገ። አሳምሮታል። ከሸንጎው ውስጥ ጥቂቶቹ ፈገግ አሉ፤ ጌታችንም «ጥሩ ድምፅ አለው» አለ።

እኔ ያኔ ነው የተበላሸሁት። ድምፁ ደካማ ቢሆን እታገሥ ነበር። ለሽልማቱ ወጣሁ፤ አያ ጅቦ የሣር ጉንጉን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና እጁን ለደብተሩ ዘረጋ። እኔ ደብተሩን ገለጥኩት።

«ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለሆነ የጻፈውን ላንብብለት» አልኩ።

«አያስፈልግም» አለ አያ ጅቦ።

«ታንብብ፣ ደስ ይላል» አለ ጌታችን።

አነበብኩ። «ደብሪቱ፣ ፍየል። ኅዳር ዘጠኝ ቀረች። ምክንያት፣ የቤተ መንግሥት ውኃ። ቡሬ፣ ጥጃ። ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀረ። የቤተ መንግሥት ውኃ። እርግቤ፣ ሚዳቋ። ኅዳር ሃያ ቀረች። እናቷ ለጌታችን ራት ተጠርታ ስላልተመለሰች ታናናሾቿን ታሳድጋለች። ሞላ፣ በግ። ታኅሣሥ አንድ ቀረ። የቤተ መንግሥት ውኃ።» እያልኩ ሠላሳ ሁለቱንም አነበብኩ። ሃያ ስምንቱ ውኃ ነበሩ።

ማንም መሬት አልደበደበም። ጌታችን ጎፈሩን በእጁ ዳሰሰ። ጠብ ጠብ ይላል። አያ ጅቦን «እንዲህ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

አያ ጅቦ ሲደናገጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ወደ ፊት ዘለለ።

«ጌታዬ፣ ይህ የሟች ደብተር ነው። የሟች ወሬ ማስረጃ አይሆንም። ሟቹ በሕይወት ሳለ ከጽሕፈት ቤታችን ጋር ቅያሜ ነበረው።»

ከሸንጎው ኋላ በኩል አንድ አንገት ቀስ እያለ ወጣ። አባ ኤሊ ነው። ሲናገር አይቸኩልም፤ ያን ቀን ደግሞ ከወትሮው ይበልጥ ዘገየ።

«ይቅርታ አያ ጅቦ፣ ጆሮዬ ደክሟል። የማን ደብተር አሉ?»

አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጫንያለው በሕይወት አለ ቢል ደብተሩ የምስጉኑ መምህር ቃል ሊሆን ነው። ሞቷል ቢል ደግሞ መዝገቡ ሐሰት ሊሆን ነው።

«ሦስት ጊዜ ሟች ብለዋል» አለ አባ ኤሊ። «ደንባችን አንድ ጊዜ ይበቃዋል። በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ። ከርከሮዎች፣ ተነሡ። ድንኳኑን አውጡ።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ልጆቹ ቅላቸውን ዳገቱ ላይ ጥለው መጡ። አባ ኤሊ በእድሩ ወግ ስም ሲጠራ ከአርባ ሦስቱ አንድም የቀረ አልነበረም፤ ባለቤቴ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ያላየው ነገር ነው። አለቀስኩ፣ በደንብ፣ ሦስት ቀን የቆየብኝን ሁሉ። ጌታችን የዚያን ቀን ጎፈሩን አልታጠበም። ኀዘን ነው ወይስ ውኃ አጥቶ፣ አልተገለጸም።

ሰኞ አዋጅ ወጣ። ጌታችን ነገሩን አስቦበታል። ከእንግዲህ ምንጩ «ከፍተኛ የውኃ ተቋም» ይባላል፤ ቅል የተሸከመ ሁሉ የኮሌጅ ተማሪ ነው። በሩም ከሜዳው ተነሥቶ ምንጩ አጠገብ ተተከለ። የተቋሙ ፕሬዚዳንት አያ ጅቦ ሆነ። በአንድ ቀን አርባ ሦስት ልጆች ኮሌጅ ገቡ፤ በታሪካችን እንዲህ ያለ እድገት ታይቶ አይታወቅም። እኔም ቅሉን ልሸከም ወደዚያ መውረድ ጀምሬያለሁ። የእኔ ጀርባ ከእሱ ይጠባል፤ ስድስት ቅል ይይዛል። ደብሪቱ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የማታውቀው ቃል ሲመጣ እቆምላታለሁ።

ከርከሮዎቹ ግን ከቀብሩ በኋላ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ከመቃብሩ ራስጌ ጀምረው ወደ ገደሉ መቆፈር ቀጠሉ። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ አንድ ፍየል ያሳልፋል፣ ጥጃም በጎኑ ቢታከክ ያልፋል። ዙሪያውን እየጠመዘዘ ይወጣል። አያ ጅቦ ሊቆጣጠር መጥቶ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መቃብር ነው ጌታዬ» አለ ታላቁ ከርከሮ፣ አፈር እየተፋ። «የእድር ሥራ ነው።»

«መቃብር እንዲህ ይረዝማል?»

«ዳኛው ቆፍሩ አሉን። የት ድረስ አላሉንም።»

አያ ጅቦ አባ ኤሊን አስጠራው። አባ ኤሊ ደንቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበለት፤ ይህ ግማሽ ቀን ወሰደ። የመቃብር ርዝመት የትም አልተጻፈም።

«እሺ፣ ሟቹ ማን ነው?» አለ አያ ጅቦ በመጨረሻ።

«እሱን ጽሕፈት ቤቱ ሲነግረን እናውቃለን» አለ አባ ኤሊ። «እኛ የምናዘጋጀው ቦታውን ብቻ ነው።»

አያ ጅቦ ጉድጓዱን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከዚያ የገዛ መዝገቡን ከብብቱ አወጣና፣ የራሱን ስም ይመስለኛል፣ ደጋግሞ ተመለከተ። መዝገቡን መልሶ ብብቱ ከተተና ሄደ። ቁፋሮው የገደሉ ወገብ ላይ ደርሷል።

ይህን የጻፍኩት ባለቤቴን እንዳልረሳው ነው። እናንተ ያነበባችሁ፣ ለጫንያለው አንድ ጊዜ ነፍሱን ይማርልን በሉልኝ። ከጸሎታችሁ መካከል የበላቸውን መጻሕፍት ይቅር እንዲባልም አስቡለት። መሞቱን ለማሳወቅ ብዙ ደክሜያለሁና፣ አሁን የምትጸልዩለት ጸሎት ሳይመለስ ይደርሰዋል።